የመርጌታ አዲስ ዓይንና የእኔ ቀንድ አውጣዎች

ዓሣ ቤት ውስጥ ማኖር መንፈስ ያረጋጋል ብሎ የነገረኝ ሰው ዛሬ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ለሁለታችንም ይሻላል። ጎረቤቴ ነበር። ተዛውሮ ሲሄድ አልጋውንም ቁምሳጥኑንም ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ሲያበቃ፣ አንድ የዓሣ መስታወት እቅፉ ውስጥ ቀረ። ሦስት ቀያይ ዓሦች ውስጡ ይመላለሳሉ።

«ይህ በዚህ መንገድ ሲንገጫገጭ አይደርስልኝም» አለኝ። «አንተ ውሰደው። ከሥራ ስትገባ ቁጭ ብለህ ታያቸዋለህ፤ ጭንቀት የሚባል ነገር ይለቅሃል።»

በዚያን ጊዜ ጭንቀት አልነበረብኝም። የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ውቅያኖስ ሞገድ፣ ስለ ባሕር ወለል፣ ስለ ጣና አፈጣጠር ሰሌዳ ሙሉ እየጻፍሁ አስተምሬአለሁ። ሳሎኔ ጥግ ያለውን ሁለት ባልዲ የማይሞላ ውሃ ግን ማስተዳደር አቅቶኝ፣ ትዳሬም የአማቴም ዓይን ለጥቂት ተርፈዋል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ትርንጎ ዓሦቹን መጀመሪያ ስታይ «መቼ ነው የሚጠበሱት?» ነው ያለችኝ። የሚታዩ እንጂ የሚበሉ እንዳልሆኑ ሳስረዳት፣ «ታዲያ ቴሌቪዥኑ ምን ሆነ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ የተለወጠው አባቷ ከይፋግ ሲመጡ ነው። አማቴ መርጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ። ልጃቸውን ከተማሪዎቻቸው ላንዱ ሊድሩ አስበው ሳለ እኔ ካርታዬን ጠቅልዬ ደረስሁባቸው። በሠርጋችን ዕለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ነው ያሉኝ። ምርቃት ይሁን የሐዘን ቃል እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ስንገናኝ «እንደምን ከረምህ?» ይሉኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳ እናያለን።

የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሞራ ሸፍኖታል። ግራው ጨርሶ ጨልሟል፤ ቀኙ ጭጋግ ለብሷል። ሆስፒታሉ ተራ እስኪሰጣቸው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ሳሎን ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ጥጉ አዘነበሉና፣

«ያ የሚንቀሳቀስ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አሉ።

«ዓሣ ነው፣ መርጌታ።»

«በሕይወቱ?»

«በሕይወቱ።»

«አቅርበኝ» አሉ።

ወንበራቸውን መስታወቱ አጠገብ አደረግሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቦታ አልተነሡም ማለት ይቻላል። የልጃቸውን ፊት መለየት ያቃተው ዓይን ያንን ቀይ ቀለም ይከተላል። ከዳቧቸው ይቆነጥሩና «እንካችሁ፣ ፍጥረታት» እያሉ ከላይ ይጥሉላቸዋል። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እኔም ወንበሬን ሳብ አድርጌ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

«ትልቁ ዛሬ ከሥር ውሏል» እላለሁ።

«ቅር ብሎት ይሆናል» ይላሉ።

በትዳር ዘመኔ ከአማቴ ጋር ግድግዳ ሳላይ የተነጋገርሁት ያኔ ነው። እነዚያ ዓሦች ለእኔ ዓሣ ብቻ አልነበሩም። ሽማግሌዎቼ ነበሩ፤ ያውም ቃል የማይወጣቸው።

ታዲያ ሽማግሌዎቼን ላከብር ብዬ ምንጣፍ አሰብሁላቸው። ከከተማችን ወጣ ብሎ ወዳለው ጋፋት ወርጄ ከወንዙ ዳር ለምለም የውሃ ሣር ነቀልሁና በፌስታል ይዤ መጣሁ። አላጠብሁትም። ወንዝ ውስጥ የኖረ ሣር ደግሞ ምን ተብሎ ይታጠባል? መስታወቱ ውስጥ ስተክለው ቤቱ አማረ። ከሣሩ ጋር ማን ተሳፍሮ እንደመጣ አልጠየቅሁም።

የመርጌታ ተራ የደረሰው ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ሐኪሟ ፋሻውን ፈታችና ትእዛዟን ደረደረችው፤ ውሃ እንዳይነካው፣ ጭስ እንዳይገባው፣ እንዳያሹት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ እንዳያጎነብሱ። ትርንጎ ትእዛዙን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው።

ቤት ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ።

«ትርንጎ፣ ሸብተሻልሳ!» አሉ፤ እንባቸውም መጣ።

«አባባ፣ አያልቅሱ፣ ዓይንዎ!» አለችና በእሳቸው ፋንታ እሷ አለቀሰችላቸው።

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ከጠጉሬ ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ ጫማዬ ወረዱ።

«እንዲህ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ መርጌታ፣ እንዲህ ነኝ።»

«ይሁን» አሉ።

በመጨረሻ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ባለበት ቆመ።

«ይህ መስታወቱ ላይ የሚሄደው ምንድን ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ምስር የሚያክል ቡናማ ቀንድ አውጣ ቤቱን አዝሎ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ በፊት አንድ ሁለቱን አይቼ «እንግዳ መጣልን» ብዬ አልፌአለሁ። አሁን ግን የመርጌታ ጣት ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ አላርፍ አለ።

«እዚያ ሌላ አለ። ከሣሩ ሥር ሌላ። ይኸኛው ደግሞ ልጆቹን አስከትሏል። ይህ እንደ ንፍጥ የተለጠፈውስ?»

«እንቁላላቸው ይመስለኛል።»

«እግዚኦ! ገና ሊመጡ ነው?»

እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው ለዓመታት ጭጋግ ውስጥ ኖረው አሁን ብርሃን አግኝተዋል። ውጭ ክረምቱ አገሩን አረንጓዴ አልብሶታል፤ የጉና ተራራ ደመና ገለጥ ሲል ይታያል። መርጌታ ግን ያገኙትን ብርሃን በሙሉ ቀንድ አውጣ ላይ አዋሉት። ጠዋት ሲነሡ ከጸሎታቸው በኋላ ቀጥታ ወደ መስታወቱ ነው። ከላይ ያለውን ያያሉ፤ ከዚያ የመሐሉን፤ ከዚያ ወገባቸው መታጠፍ ይጀምራል።

«አባባ! አያጎንብሱ!» ትርንጎ ከጓዳ ትጮኻለች።

«አላጎነበስሁም፤ ዘንበል ነው ያልሁ።»

«ዘንበልም አይቻልም!»

«አንዱ እኮ ከጠጠሩ ሥር ሊገባ ነው! ባልሽ ይምጣና ያውጣው!»

ባሏ ይመጣል። እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ይገባና ያወጣል። መርጌታ ከኋላ ያዝዛሉ፤ «ወደ ግራ። አልፈኸዋል። ኧረ ዓይን የለህም እንዴ?» እኔ እሱን ስይዝ ሌላው ይወድቃል። ጠዋት የለቀምሁት ማታ ተተክቶ ያድራል። ትርንጎ ጓዳ ጠርታኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ቁጥር በሚያስፈራው አነጋገሯ ተናገረችኝ።

«በዚህ ቀንድ አውጣ የተነሣ የአባቴ ዓይን ቢበላሽ፣ ከዓሦችህ ጋር አብረህ ነው የምትወጣው።»

ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ሰው የሰላጣ ቅጠል ገንፈል አድርጎ ውሃው ላይ ያሳድራል፤ ጠዋት ቀንድ አውጣዎቹ ቅጠሉ ላይ ተሰብስበው ያገኛቸዋል። ሰላጣ አልነበረንም፤ ጎመን አደረግሁ። ጠዋት ሳነሣው ቅጠሉ አይታይም፤ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው። መርጌታ «ስብሐት ለእግዚአብሔር!» ሲሉ ደስታዬ ወደር አጣ። በድል አድራጊነት ወደ ጓሮ ወጣሁና ቅጠሉን ከነጭፍራው ከአጥሩ ወዲያ አሽቀነጠርሁት።

ከአጥሩ ወዲያ ሲስተር ስንዱ ነው የምትኖረው። ነርስ ናት። ልብስ እያሰጣች ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። ነጭ አንሶላ ይዛ ቆማለች፤ አንሶላው ላይ ጎመን፣ ጎመኑ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ።

«ይህን የጣለው ማን ነው?»

መርጌታ ከወንበራቸው «እሱ ነው» አሉ። ውሸት አይወዱም።

ሲስተር ስንዱ ገብታ መስታወቱን አየች፤ ቀንድ አውጣዎቹን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ይህ የውሃ ቀንድ አውጣ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፍ ዓይነት እንዳለው ታውቃለህ? እጅህን ከተህበታል?»

«እስከ ክርኔ።»

«አሳክኮሃል?»

እስከዚያች ቅጽበት አላሳከከኝም ነበር። እንደጠየቀችኝ ሁለቱም ክንዶቼ አንድ ላይ ጀመሩ። ቀጥሎ አንገቴ። ትርንጎ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ኋላ ስትሸሽ ሳይ ሆዴም ተቀላቀለ።

ክሊኒክ ሄድሁ። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ የተቀመጠችው የድሮ ተማሪዬ ሆና ተገኘች።

«ቲቸር! ምን ሆነው ነው?»

ምን ይባላል? «ዓሣ አለኝ» አልኋት። ትንሽ አየችኝና የናሙና ዕቃ ሰጠችኝ። ስለ ቀሪው አልናገርም። ውጤቱ ነጻ ነበር። ሲስተር ስንዱም ሣሩን ያመጣሁት ከጋፋት መሆኑን ስትሰማ «እዚያ ብርድ ነው፤ እምብዛም አያሰጋም። ደግሞ ቀንድ አውጣው ብቻውን በሽታ አይፈጥርም፤ ከሰው ካልወሰደ» ብላ አረጋጋችን። ትርንጎ ግን ጆሮዋ የሰማው «ብልሃርዝያ» የሚለውን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመስታወቱ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን ሰብስባ በግድግዳው ጥግ ነው።

«የአባባ ቀጠሮ ሳይደርስ ይህ ነገር ይጥፋ» አለች። «አንድም ሳይቀር።»

«ዓሦቹ ግን ይቆያሉ» አሉ መርጌታ።

«ዓሦቹ ይቆያሉ፣ አባባ።»

«ያለ እነሱ እኔም አልቆይም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ መለሱ። እኔ በመካከል ነኝ።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ወሰንሁ። አባትና ልጅ ለቅዳሴ ሄደዋል። የፍልሰታ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ ጊዜ አለኝ። ሦስቱን ዓሦች ከነውሃቸው በትርንጎ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ አደረግሁ። ሣሩን አጥቤ ጎን አስቀመጥሁ። ጠጠሩን አውጥቼ፣ እንቁላል ካለበት እንዲሞት ብዬ፣ ትልቁ ድስት ውስጥ ከትቼ እሳት ላይ ጣድሁት። ባዶውን መስታወት በበረኪና ልፈገፍገው ጎንበስ ስል፣ ሥሩ ላይ አንድ ነገር አየሁ።

ጭቃ መስሎኝ ነበር። በጣቴ ነካሁት። ነጭ ነው፤ ይለጠጣል፤ ሽታው የቆየ ሊጥ ነው። ዳቦ ነበር። ያ ሁሉ የመርጌታ «እንካችሁ፣ ፍጥረታት» ከጠጠሩ ሥር ተከማችቶ ቦክቷል። ቀንድ አውጣዎቹ ለካ በከንቱ አልበዙም። ድግስ ተጥሎላቸው ነው። መርጌታ ደግሞ ምን ያህል እንደሚጥሉ ሊያዩ አይችሉም ነበር፤ ጭጋግ ውስጥ ነው የሚቆነጥሩት፤ ዓይናቸው ከተሠራ ወዲህም እጃቸው በልማድ ይጥላል እንጂ ዓይናቸው ቀንድ አውጣ ላይ ነው።

አሁን ይህን ማን ይነግራቸዋል? እኔ? ካርታዬን ጠቅልዬ የመጣሁት? «መርጌታ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት እርስዎ ነዎት» ብዬ? ዙሪያዬን አየሁና ሊጡን በአካፋ ይዤ ጓሮ ጎመኑ ሥር ቀበርሁት። ማንም አያውቅም፤ እኔም አላየሁም።

መስታወቱን በበረኪና ፈገፈግሁ፤ አለቀለቅሁት፤ ከቧንቧ ሞላሁት። ቧንቧችን ያን ቀን መምጣቱ ራሱ ተአምር ነበርና ሽታውን ልብ አላልሁም።

ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለቱም ረኃብ አጠውልጓቸዋል። ትርንጎ ጓዳ ገብታ ድስቱ ሲንፈቀፈቅ ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ድንች ቀቀልህልን? ተባረክ!»

«ቆይ፣ ትርንጎ...» አልሁ።

ክዳኑን አነሣች። እንፋሎቱ ገለል አለ። ጠጠር ነው፤ በጠጠሩ ላይ ደግሞ የተቀቀሉ ቀንድ አውጣዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ። የጮኸችው ጩኸት እስከ ገበያው የተሰማ ይመስለኛል።

«በጾም ድስቴ! በፍልሰታ! አባባ፣ ቀንድ አውጣ ቀቀለበት!»

መርጌታ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ድስቱን ሳያጎነብሱ ከላይ ተመለከቱት።

«በልተሽዋል?»

«እንዴት እበላዋለሁ!»

«እንግዲያ ጾምሽ አልተሻረም። ድስቱን በአመድ ፈትጊው» አሉና ነገሩን ዘጉት።

እሷ ግን አልዘጋችውም። ሳፋዋን አየች። «ሳፋዬንም!» ስትል፣ ቶሎ ላስደስታት ብዬ ዓሦቹን በወንፊት እያፈስሁ ወደ አዲሱ ውሃ አስገባኋቸው። እሷ ደግሞ ሳፋውን አንሥታ የቀድሞውን ውሃ ግቢው ውስጥ ደፋችው።

መርጌታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ንጹሕ መስታወት፣ ንጹሕ ውሃ፤ አንድም ቀንድ አውጣ የለም። ላብ በላብ ሆኜ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ።

«ምነው አፋቸውን ከውሃው በላይ አወጡ?» አሉ መርጌታ።

ሦስቱም ከላይ ተሰልፈው አየር ይቃማሉ። ትልቁ አንድ ዙር ዞረና በጎኑ ተኛ።

«ሞተ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን አደረግህበት?»

አፍንጫዬን ወደ ውሃው ሳቀርብ ያኔ ሸተተኝ። የሆስፒታል ኮሪደር ነው የሚሸተው። የእኔ በረኪና ከቧንቧው ክሎሪን ጋር ተባብረው ዓሦቹን እያቃጠሏቸው ነው። የቀድሞው ውሃ መሬት ጠጥቶታል።

«የዝናብ ውሃ!» ጮኹ መርጌታ። «ከበርሜሉ! ፍጠን!»

በርሜላችን ከጣሪያው የሚወርደውን የሚያጠራቅም፣ ግቢው ዳር ከጎመን መደቡ አጠገብ ያለ ነው። ሦስቱን በወንፊቱ አፈስሁና ሮጥሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ግቢው ጭቃ ነው። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ እግሬ ከዳኝ። በጀርባዬ ስወድቅ ወንፊቱ ከእጄ በረረ። ሁለቱ በርሜሉ አጠገብ ዱብ ዱብ አሉ፤ በእጄ እያፈስሁ ከተትኋቸው። ሦስተኛው ጠፋ። ትልቁ።

ትርንጎ ንዴቷን ረስታ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። እኔ በአራት እግሬ ጭቃውን እዳብሳለሁ። ቀይ የነበረው ዓሣ አሁን ጭቃ ለብሷል፤ ከመሬቱ አይለይም። ዝናቡ ይጮኻል፤ ጊዜው ይሄዳል።

«እዚያ!»

ዞር ስንል መርጌታ ደጁ ላይ ቆመዋል። ዘንጋቸው ወደ መደቡ ተቀስሯል። «ከጎመኑ ሥር! ጅራቱ ተንቀሳቀሰ!»

እኔ ከጎመኑ ማዶ ነኝ፤ አልታየኝም። «የቱ ጎመን?» ስል እሳቸው ዘንጋቸውን ጣሉና በዝናቡ ውስጥ መጡ።

«አባባ፣ አያጎንብሱ!»

ጎነበሱ። ሙሉ በሙሉ፤ ለስግደት እንደሚጎነብሱት። ጭቃ የለበሰውን ዓሣ በሁለት እጃቸው አነሡና፣ ሄደው በርሜሉ ውስጥ ለቀቁት። ከፊታቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ዓይኑ ጠፋ፣ የአባቴ ዓይን ጠፋ» ትላለች። ጩኸቱን ሰምታ ሲስተር ስንዱ በአጥሩ ዘልቃ መጣች፤ ነጠላቸውን ከፊታቸው ጋርዳ፣ ባጃጅ አስቁማ፣ ሁላችንንም ሆስፒታል ወሰደችን። እኔ ባጃጁ ውስጥ ጭቃ በጭቃ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ያቺ ዓይን ብትጠፋ ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ ከሰው እንደምቀመጥ አስባለሁ። በፊት በጭጋጉ ውስጥ ያዩት የነበረውን ያንን ቀይ ቀለም እንኳ ከእንግዲህ እንደማያዩት አስባለሁ።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ አየች። እንደገና አየች።

«አጎንብሰዋል?» አለች።

«አጎንብሻለሁ።»

«ውሃስ ነክቶታል?»

«ዝናብ ነው፤ ከላይ ነው የመጣው።»

«ምን ሆነው ነው አባቴ?»

«ዓሣ ጎመን ሥር ወድቆ አየሁት» አሉ። «ጭቃ ለብሶ። ሁለቱ ሲዳብሱ እኔ ነኝ ያየሁት።»

ሐኪሟ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። «እንግዲያ ዓይኑ ደኅና ነው» አለች። ጠብታ ጨመረችላቸው፤ እኛን ተቆጣችን፤ ወደ ቤት ሰደደችን። ትርንጎ በመንገድ ላይ የኔን ጭቃማ እጅ ያዘችው።

እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዓሦቹ በርሜሉ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ትልቁም ተነሥቷል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። መርጌታ ከማታ ያስቀሩትን ዳቦ ይዘው ወደ በርሜሉ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። «እንካችሁ፣ ፍጥረታት» አሉና እጃቸውን ከበርሜሉ በላይ ዘረጉ።

እጃቸው እዚያው ቀረ።

መዳፋቸውን እያዩ ነው። አንድ ሙሉ እፍኝ ዳቦ ነው፤ ሰው ቁርሱን የሚጠግብበት። ወደ ዓሦቹ አዩ፤ ከጣታቸው ብዙም የማይበልጡ። እንደገና ወደ እጃቸው።

«ይህን ያህል ነበር የምሰጣቸው?» አሉ በቀስታ።

ዓይኔ ሊጡን ወደ ቀበርሁበት የጎመን መደብ ሸሸ።

«ታውቅ ነበር?»

«ትናንት ነው ያየሁት፣ መርጌታ።»

ዳቦውን ኪሳቸው ከተቱ። ቀስ ብለው ወደ ቤት ገቡ። ገብቼ ሳይ ጋቢያቸውን እያጠፉ፣ መጽሐፋቸውን ማኅደሩ ውስጥ እየከተቱ ነው።

«ነገ ወደ ይፋግ እሄዳለሁ» አሉ።

«ሌላውስ ዓይንዎ?» ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ወደ እኔ ዞረች። «ምን አልኻቸው? አባቴን ምን አልኻቸው?»

«እሱ ምንም አላለኝ» አሉ መርጌታ። «በሰው ቤት ገብቼ በዓይነ ስውርነቴ ይህን ሁሉ ቀንድ አውጣ ያራባሁት እኔ ነኝ። ልጁ ክርኑ እስኪላጥ ለቀመ፤ ድስትሽ ረከሰ፤ ጎረቤት ተሸበረ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ አዝዘው ነበር። ይበቃል።»

ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣

«እኔም እኮ...» አለች።

«አንቺ ምን?»

«ወጥ ስሠራ ሩዝ ጣል አደርግላቸው ነበር። አንድ ሁለት ፍሬ። አንዳንዴ ካሮት። አፋቸውን ሲከፍቱ አንጀቴን እየበሉት።»

«መቼ ይጠበሳሉ» ያለችው ሴት ናት ይህችው። እኔም ዝም ልል አልቻልሁም። የዓሦቹን ምግብ በቆርቆሮ ያ የተዛወረው ጎረቤቴ ትቶልኝ ነበር፤ ጠዋት እሰጣለሁ፤ መርጌታ ሲተኙ ደግሞ፣ እሳቸው የሰጧቸው አይበቃቸውም ብዬ፣ ማታም እደግማለሁ። ይህንኑ ተናገርሁ።

መርጌታ የሚያጥፉትን ጋቢ ይዘው ቆሙ። ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ስጠጋ ለካ ሳቅ ነው። ወንበራቸው ላይ ዝርግፍ አሉ።

«እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ እነሱ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ይበላሉ! በፍልሰታ!» ዓይናቸውን ሊያሹ እጃቸውን ሲያነሡ ትርንጎ ያዘቻቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ እነሱም ይጾማሉ። በቀን አንድ ቁንጣሪ፤ እሱም ከቅዳሴ በኋላ።»

«ማን ይስጣቸው?» አልሁ።

ተያየን። ማንኛችንም ማንኛችንን አላመነም። ቆርቆሮውን ለሲስተር ስንዱ አደራ ሰጠናት። ነርስ ናት፤ መጠን ታውቃለች።

መስታወቱን ሽታው እስኪለቅቀው ደጅ አሳደርሁት፤ በዝናብ ውሃ ሞልቼ ጠጠሩንና ሣሩን መለስሁ፤ ዓሦቹም ገቡ። ከሣሩ ላይ ጥቂት ቀንድ አውጣ ብቅ አለ፤ ግን የሚበላ ስለጠፋ አልበዛም። ትርንጎ እንዳወጣቸው ስታዝዝ መርጌታ «ተይው፤ የተረፈ ካለ ይልቀሙ» አሏት። እሳቸውም ይፋግ አልሄዱም። ግራው ዓይን ተራ እየጠበቀ ነው፤ እኔና እሳቸውም ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ትልቁ ዓሣ ቅሬታ እንወያያለን።

ጾሙ ተፈታ፤ የዓሦቹ ግን ቀጥሏል። ሲስተር ስንዱ ከሥራ ስትወጣ ቆርቆሮዋን ይዛ ትመጣለች፤ አንዲት ቁንጣሪ ትጥላለች፤ ክዳኑን ትዘጋለች፤ ትሄዳለች። ትናንት ግን ከዘጋች በኋላ አልሄደችም። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ከፊቷ ተሰልፈዋል። ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ ወደ ደጅ ዞር አለች፤ ተመለሰች።

«መርጌታ» አለች፣ «ከስተው የለም እንዴ?»

መርጌታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆርቆሮውን ወዲህ አምጪው፣ ልጄ» አሉ። «አንቺም ወድቀሻል።»

አሁን ቆርቆሮው የቁምሳጥኑ አናት ላይ ነው፤ ሦስታችንም ዓይናችንን ጥለንበታል። ሰፈራችን ውስጥ የዓሣ ዓይን አይቶ የማይራራ፣ ልቡ የደነደነ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።